የኋላው ፔዳል

ግንቦት 8 ቀን 2007

ቅዳሜ። ጠዋት ከብዙነሽ ጋር በብስክሌት የሽንኩርት ማሳዋን አይተን ተመለስን። እንደ ወትሮው። ሙቀቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ጀመረ። የምርጫ ቅስቀሳ መኪና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ መሀል አስፋልቱን ይዞ አላሳልፍ አለን። ዕድሜዬን በደሴ መስመር አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ እንደዚህ ያለ ሹፌር አላየሁም።

ልጆቹ "ተሳቢው መጣ! ተሳቢው መጣ!" ብለው ጮኹ። ይጩኹ። ሁለት ወንበር ባንድ ብስክሌት ላይ ሲያዩ ምን ይበሉ? ድሮ እናደድ ነበር። ብዙነሽ ግን ከኋላዬ ሆና እንደ ባለሥልጣን እጇን ታውለበልብላቸዋለች። ብስክሌቱን ይዘው የመጡት ፈረንጅ ባልና ሚስት ዓለምን ሊዞሩበት ነበር። ሸዋሮቢት ሲደርሱ ወባ ጣላቸው። እነሱ በመኪና ሄዱ፣ እሱ ለኛ ቀረ።

ዛሬ ድልድዩ ጋ ያለችው ዳገት ከበደችኝ። ሁለቱ ፔዳሎች ባንድ ካቴና ስለታሰሩ እኔ ስረግጥ የሷ እግር ይዞራል፣ እሷ ስትረግጥ የኔ። ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም። ምን ያህል እንደምትረግጥ በእግሬ አውቀዋለሁ። ዛሬ ከኋላ ምንም አልመጣም።

"ብዙዬ፣ ተኛሽ እንዴ?"

"አንተ ነህ ያረጀኸው!" ብላ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ። ትንፋሽ አጥሯት ነው? ወይስ ሙቀቱ?


ግንቦት 19

አዲስ አበባ፣ ልጃችን ፀደንያ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሐኪሙ ብዙነሽን "እርስዎ ውጪ አረፍ ይበሉ" ብሎ እኔንና ፀዲን አስቀረን። ልብ ነው አለ። ሰፍቷል፣ ደክሟል። መድኃኒቱን በየቀኑ ትውሰድ። ዕረፍት ታብዛ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር አትሥራ። "ጊዜው ረጅም ላይሆን ይችላል።" ምን ያህል ነው? አልኩት። "እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።" ሐኪም እግዚአብሔርን ከጠራ ምን ቀረ?

ኮሪደሩ ላይ ፀዲ ክንዴን ያዘችኝ። "አባዬ፣ እንዳትነግራት። ድንጋጤው ብቻ ይገድላታል።" እሺ አልኩ። እምቢ እንዴት ይባላል? እኛ አገር ለበሽተኛ ማን ነግሮ ያውቃል?

ስንወጣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። ደም ማነስ ነው አልናት። ኪኒኑ ቫይታሚን ነው አልናት። "ይሄን ሁሉ መንገድ ለደም ማነስ!" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ደስ ብሏት ምሳ ካልጋበዝኳችሁ አለች። በላን። ምን እንደበላሁ አላውቅም።


ግንቦት 24

እንግዲህ ከብስክሌቱ እንዴት ላውርዳት?

ይብቃን ብል ለምን ትላለች። ከእህቷ ከእመቤት ጋር ከተኳረፉ ወዲህ እሁድ እሁድ ጀውሃ መሄዱ ቀርቷል። የቀራት ደስታ ይህቺው ናት። ስለዚህ ዋሸሁ። ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። "ሐኪሙ እኔንም አይቶኝ ነበር። ብዙ አትርገጥ ብሎኛል።" ፀዲ ያየችው በባትሪ የሚሠራ ሞተር አለ፣ እሱን እናስገጥም አልኳት። ከገጠምነው እኔም አልረግጥ፣ እሷም አትረግጥ። ቀላል ነው።

ብዙነሽ ምንም ሳትጠራጠር ተንበርክካ ጉልበቴን በቅባት አሸችልኝ። ደህናውን ጉልበት! ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።


ሰኔ 3

ኢብሮ ጋ ሄድኩ፣ የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጋ። ፀዲ ከመርካቶ ነጋዴ ተቀብላ በቫይበር የላከችልኝን ፎቶዎች አሳየሁት።

አንዱ ሞተር የፊት ጎማ መሀል ላይ ይገባል። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ ለመግጠምም አያስቸግርም። ግን የኛ ብስክሌት ፊቱ ቀላል ነው። ከፊት እየጎተተ ኮረት ላይ ቢንሸራተትስ? ከኋላዬ ሰው ይዣለሁ። እሱን ትቼዋለሁ። ሌላው ፔዳሉ ጋ ይታሰራል። ስትረግጥ ያግዝሃል፣ ካልረገጥክ ዝም። ጉልበቱ በማርሹ በኩል ስለሚሄድ ዳገት አይፈራም። ሹፌር ነኝ፣ ልቤ የሄደው ወደሱ ነው። ኢብሮም "ጋሼ አስፋው፣ እሱን ይያዙ፣ ወላሂ አይቆጭዎትም" አለ። ግን ፔዳሉ ካልዞረ አይሠራም። የኔ ከዞረ ደግሞ የሷም ይዞራል... የሷ ከዞረ ትረግጣለች። አውቃታለሁ።

ሦስተኛው የኋላ ጎማ ውስጥ ይገባል። እጀታው ላይ እንደ ሞተር ሳይክል ጋዝ አለው። ጋዙን መያዝ ነው፣ እግር ዐርፎ ይቀመጣል።

"ይሄን" አልኩት። "ማንም እንዳይረግጥ ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ ብስክሌት ምን ያደርግልዎታል?" ብሎ ሳቀ።

ነገርኩት። ለብዙነሽ ያልነገርኩትን ለኢብሮ ነገርኩት። ሳቁን ትቶ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። "አላህ ያሽራት። ከኔ አይወጣም።"


ሰኔ 6

ብዙነሽ መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አየች። እንደ በግ ገዢ እያገላበጠች። "ይሄን" አለች። ፔዳሉ ጋ የሚታሰረውን!

"ጋዝ ያለው ይሻላል" አልኩ።

"ጉልበት ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። ይሄኛው እያገዘህ ያንቀሳቅስሃል። በዚያኛው ግን ተቀምጠህ ትቀራለህ። ደግሞስ እኔ እንደ ማሽላ ኩንታል ዝም ብዬ ልጫን?"

"ሹፌሩ እኔ ነኝ።"

"ጉልበቱ ግን የኔም ነው" አለችኝ።

ተኮራረፍን። ለሞተር! እሷ ለጉልበቴ ትመርጣለች፣ እኔ ለልቧ። የኔን ምክንያት መናገር አልችልም፣ የሷ ምክንያት ደግሞ ውሸት ላይ የቆመ ነው። ውሸቱም የኔ።


ሰኔ 20

ከኋላ መጣ!

ዛሬ እንውጣ ብላ ወጣን። ድልድዩ ጋ እግሬን ለቀቅ አድርጌ ነበር፣ የታመመ ሰው እንድመስል። በቀስታ ወርደን እንገፋዋለን ብዬ ሳስብ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር በኃይል ዞረ። እንደ ድሮው። ከድሮውም ይልቅ። ዳገቷን ገፍታ አወጣችኝ።

ለፀዲ ደወልኩ። መድኃኒቱ ሠራ አልኳት። አለቀሰች፣ በደስታ። ሐኪም ሁሉን አያውቅም። ሞተሩን ለጊዜው እንተወው ተባባልን። ዛሬ ስንት ቀን ያልበላሁትን ጨምሬ በላሁ።


ሐምሌ 11

ዝናብ የለም። የቀወት ገበሬዎች ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ ይላሉ። ከብት መሸጥ የጀመሩም አሉ። ሰማዩን ያየ ሁሉ ቶሎ ዐይኑን ይመልሳል።

የብዙነሽ እግር አብጧል። ጫማዋ እምቢ ሲላት በነጠላ ጫማ ወጣች። "ሙቀቱ ነው።" ግን ስትረግጥ ብርቱ ናት። እንዴት ነው ነገሩ... ደህና የሆነ ሰው እግሩ ያብጣል? ማንን ልጠይቅ? ፀዲን ባስጨንቃትስ? እሷም ከኔ ሌላ የምትጠይቀው የላትም።


ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ዛሬ ስኳር ስፈልግ የኪኒኑን ማሸጊያ አገኘሁት። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አልተነካም!

"ቫይታሚን አይደል? ለቫይታሚን ብዬ ፍልሰታን ልሻር? ሲፈታ እውጠዋለሁ።"

"አሁን ዋጪው!" ብዬ ጮኽኩባት። በትዳራችን እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ደንግጣ አየችኝ። "ምን ሆነሃል አንተ?"

እውነቱን ብትሰማ ኖሮ የንስሐ አባቷ ራሳቸው ይፈቅዱላት ነበር። ዛሬ ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፈሪ ነኝ። በታርማ በር ጉም ውስጥ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ ያልፈራሁ ሰውዬ ሚስቴን ፈራሁ።


ነሐሴ 9

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት እንውጣ አለች። እምቢ አልኩ። "ለጉልበትህ ከሆነ እኔ አለሁ" አለች። ወጣን። ድልድዩ ጋ እንደለመድኩት እግሬን ለቀቅ አደረግኩ። ግፊቱ ከኋላ መጣ። ረገጥኩ፣ ቀነሰ። ለቀቅኩ፣ ጨመረ... ያኔ ገባኝ። መድኃኒቱ አልነበረም። ሰኔም ሐምሌም መድኃኒቱ አልነበረም። የኔን ጉልበት ልታሳርፍ የኔን ድርሻ እየረገጠች ነው!

ፍሬን ያዝኩ። ዞሬ ሳያት ከወንበሯ ተነስታ፣ ቆማ ነው የምትረግጠው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደግፌ ግራሩ ሥር አስቀመጥኳት። መናገር አልቻለችም። ደረቷ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ብዙዬ፣ ጉልበቴ ደህና ነው።"

"ተመስገን!" አለች፣ ትንፋሿ ሳይመለስ። ለጉልበቴ የተሳለችው ስለት የሰመረ መሰላት።

"ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። አንቺ ነሽ የታመምሽው። ደም ማነስ አይደለም። ልብሽ ነው። ሐኪሙ..." ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። አስፋልቱን እያየሁ።

 አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ ከነተሳቢው። ከዚያ "ማን ማን ያውቃል?" አለችኝ።

"ፀዲ።"

"ሌላስ?"

"እትዬ ፈለቀች።" ጎረቤታችን ናቸው፣ የዕድሩ ሴት።

"ሌላስ?"

"ኢብሮ..."

"የባጃጅ ሠሪ አውቆ እኔ አላውቅም?"

"ላንቺ ብዬ እኮ ነው" አልኳት። ያን ባልልስ ምን ነበረበት? እናታቸው የሞቱ ጊዜ እመቤት ያለቻት ይህንኑ ነበር። ብዙነሽ ያኔ ኦፕሬሽን ሆና ተኝታ ነበር። እስክትድን ብለው ደበቋት፣ እናቷ ታመው፣ ሞተው፣ ተቀብረው ነው የሰማችው። አራት ዓመት እህቷን ያላነጋገረችው በዚህ ነው። እኔ ይሄን አላውቅም? አውቃለሁ! ያለቀሰችውን ሁሉ አጠገቧ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ።

በባጃጅ ወደ ቤት ወሰድኳት። ብስክሌቱን ሰው ግቢ ተውኩት።


ነሐሴ 11

ምሳ አቀረበችልኝ። ጨው እንኳ አልጎደለውም። አላናገረችኝም።


ነሐሴ 14

ዛሬ ተናገረች። የንስሐ አባቷ መጥተው ከሄዱ በኋላ። ኪኒኑን በጠዋት እንድትወስድ ፈቅደውላታል፣ ዐይኔ እያየ ዋጠችው።

"መሞቴ አይደለም ያናደደኝ" አለች። "ሁሉም ይሞታል። ሦስት ወር ወሰድክብኝ። ንስሐ የምገባበት፣ ይቅር የምልበት፣ ለልጄ የምነግራትን የምነግርበት። የኔ ነበር፣ አስፋው። ሰጥተኸኝ ቢሆን አብረን እንፈራ ነበር።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ተነስቼ እግሯ ላይ ወደቅኩ። "ተነስ፣ ደህናው ጉልበትህ ይታመማል" አለች። መሳቅ አማራት መሰለኝ፣ አልሳቀችም።

ኋላ ላይ "ጀውሃ መሄድ እፈልጋለሁ" አለችኝ። እመቤት ጋ። ነገ ሚኒባስ እንይዛለን አልኳት። "በራሳችን ነው የምሄደው። ያንን ሞተርህን አስገጥም።"

"የትኛውን?"

"አንተ ያልከውን። የማልረግጥበትን።"

የፈለግኩትን አገኘሁ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።


ነሐሴ 27

ሞተሩ ከነጎማው ትናንት በአውቶቡስ ደረሰ። የድሮ ባልደረባዬ ነው ያመጣልኝ። ኢብሮ ሱቁን ዘግቶ ሲገጥም ዋለ። ነጋዴው ከባዱን የእርሳስ ባትሪ ሊሸጥልን ነበር። ብዙነሽ ላይ ያን ክብደት ጨምሬ? ፀዲን ቀላሉን አስያዝኳት። ሙቀት አይወድም ስላሉ በሁለቱ ወንበሮች መሀል፣ ከጥላችን ሥር አሰርነው። ብዙነሽ ጆንያ አርጥቤ ላልብሰው ብላ ነበር፣ ኢብሮ ጭንቅላቱን ያዘ። "እትዬ፣ ውሃ ብቻ አያስነኩት!"

መብራት ጠፍቷል። ቻርጅ አላደረግንም። ሁላችንም ባትሪውን ከበን ቆመን መብራቱን እንጠብቃለን፣ እንደ ምጥ።


ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ለወጉ ያህል ካፊያ ጣል አደረገ። ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ፣ ራሳቸው ሳይርስ አባራ።

ጀውሃ ሄድን።

ይህ ሞተር ድምፅ የለውም። ስንረግጥ በነበረ ጊዜ ትንፋሽ ስለማይተርፈን ተጯጩኸን ነበር የምናወራው። ዛሬ እግሮቻችን ዐርፈው፣ ጆሮዬ ሥር ሆና ቀስ ብላ ስታወራኝ ሁሉንም ሰማሁ። ፀዲን ለባል አትቸኩል በላት አለች። የሐበሻ ቀሚሷን ለእመቤት። ብቻዬን ስሆን ማሽላ ጠላ እንዳላበዛ። እሺ፣ እሺ እላለሁ። ዞሬ እንዳላያት መንገዱን ይዣለሁ። "ስማ፣ ይሄ ዛፍ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?" አለችኝ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፈናል፣ እግሯን ስታይ ነበር ለካ።

የደረቀው ማሽላ ከዳር እስከ ዳር። እሱንም አየችው። "ምስኪኖች" አለች።

እመቤት ለጭነት መኪና ሹፌሮች ምግብ የምትሸጥበት ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ብስክሌቱን ስታይ ልትስቅ ብላ፣ እህቷን ስታይ ደነገጠች። ብዙነሽ ሳትወርድ ነው የተናገረችው። "እየሞትኩ ነው። ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ራሴ ልነግርሽ መጣሁ።"

እመቤት መሬት ላይ ቁጭ አለች። "እኔ እኮ ያኔ... ስፌቱ ሳይደርቅ ብሰማ ትሞታለች ብዬ..."

"አውቃለሁ። ይሄም እንዲሁ ብሎ ነበር" አለች፣ በአገጯ እያሳየችኝ። ከዚያ ተቃቀፉ። የሚያለቅሱት ለእናታቸው ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ሹፌሮቹ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። እኔ ብስክሌቱን ይዤ ቆምኩ። ማቆሚያው ተሰብሯል እያልኩ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ተናገርኩ። አልተሰበረም።


መስከረም 16 ቀን 2008

ደመራ ሳታይ ቀረች። ድምፁን ካልጋዋ ሆና ሰማች። እስከ በሩ እንኳ ትንፋሽ አይበቃትም። ብስክሌቱን መስኮቱ ጋ አምጣልኝ አለች፣ አመጣሁት። ባትሪውን ቻርጅ እያደረግኩ እጠብቃለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።


መስከረም 29

ፀዲ እዚህ ሰንብታ ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እረፍቷ አልቆ። እናትና ልጅ በር ዘግተው ሲያወሩ ነበር የሚውሉት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። እመቤት እኛ ጋ ናት። እግሯን የምታሽላት እሷ ናት።

ብዙነሽ ትናንት "ፈራሁ" አለችኝ። "እኔም" አልኳት። እጄን ይዛ ተኛች። በግንቦት ቢሆን አይዞሽ ደም ማነስ ነው እላት ነበር።


ጥቅምት 12

ብዙነሽ አረፈች። ከትናንት ወዲያ፣ ጎህ ሲቀድ። ዛሬ ሠልስቷ ነው። ሰው ድንኳን ውስጥ ነው፣ እኔ ጓዳ ገብቼ እጽፋለሁ።

የዚያን ጧት እኔና እመቤት አጠገቧ ነበርን። እትዬ ፈለቀች ወዲያው ደረሱ። ለቅሶ አታሰሙ አሉን። ሁሉን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ፀዲ እንዳትሰማ። እዚያው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እናትሽ ትንሽ ጸንቶባታል ብሎ መኪና ያሳፍራታል። ደጅ ስትደርስ ሰው ይቀበላታል፣ ያኔ በወጉ ትረዳለች። "ለልጅ በስልክ መርዶ አይነገርም፣ አስፋው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ትሆናለች።" ትክክል ናቸው። እኔም ለስንት ሰው ልጅ እንዲሁ አድርጌያለሁ። አውቶቡሴ ውስጥ እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ መስሎት የተቀመጠ ስንት ሰው ጭኜ፣ በመስታወት እያየሁት ዝም ብዬ ነድቻለሁ።

ይህን እያሉኝ ስልኬ ጮኸ። ፀዲ ናት። ጧት ጧት ሳትደውል አትውልም። እትዬ ፈለቀች አታንሳ አሉኝ በእጃቸው። አነሳሁ።

"አባዬ፣ እማዬ እንዴት አደረች?"

እመቤት እህቷ እግር ሥር ሆና አየችኝ። አታድርግ አላለችኝም።

"ፀዲ፣ ከማን ጋር ነሽ?" አልኳት። የቤት ጓደኛዋ አጠገቧ እንዳለች ነገረችኝ። "ያዢያት፣ እጇን ያዢ። ልጄ፣ እናትሽ ሞተች።"

ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ አልሰማሁም። እትዬ ፈለቀች "ገደልካት!" ብለው ስልኩን ሊቀሙኝ እጄን ያዙ። አልሰጠኋቸውም። ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስክትጨርስ አብሬያት አለቀስኩ። አለሁ፣ ልጄ፣ አለሁ እላለሁ፣ ይሰማት አይሰማት አላውቅም።

ብዙ ቆይታ "መቼ?" አለችኝ።

"አሁን" አልኳት። "እጇ ገና አልቀዘቀዘም።"